የአልፐርትሮን ፋክተር ካልኩሌተር ሪቪው፦ ትልቅ ቁጥር ከውስጡ ምን እንዳለ ማየት ለምትፈልጉ

ትልቅ ቁጥር ሲያጋጥመን አብዛኞቻችን ስልካችን ላይ ያለውን ካልኩሌተር ነው የምንከፍተው፣ ብዙዎቹ የስልክ ካልኩሌተሮች ደሞ 15 አሃዝ ምናምን ላይ ሲደርሱ ቁጥሩን ማጠጋጋት ይጀምራሉ። ለሱቅ ሂሳብ ምንም ችግር የለውም፣ ነምበር ቲዮሪ (የሙሉ ቁጥሮችን ጸባይ የሚያጠናውን የሂሳብ ዘርፍ) ለሚወድ ሰው ግን የተጠጋጋ ቁጥር ምንም አይጠቅመውም፣ ምክንያቱም ፕራይም ነው (ከ1ና ከራሱ ውጪ በምንም አይካፈልም) ወይስ አይደለም፣ በምን በምን ይካፈላል፣ ስንት አካፋይ አለው የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ የሚመለሱት ቁጥሩ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ድረስ ትክክል ሲሆን ብቻ ነው። አንድ አሃዝ ከተቀየረች ሌላ ቁጥር ነው፣ ጸባዩም ሌላ ነው። ለዚህ ስራ እኔ የምጠቀምበት አንድ ነፃ ካልኩሌተር አለ፣ ተማሪ ለሚያስጠና፣ ለኦሎምፒያድ ለሚዘጋጅ፣ ፕሮግራሚንግ ለሚማር፣ ወይም እንዲሁ ቁጥር ለሚወድ ሰው ሁሉ እንዲደርስ ስለምፈልግ ነው ዛሬ በሰፊው የምጽፈው።

አልፐርትሮን ይባላል። የሰራው ዳሪዮ አልፐርን የሚባል አርጀንቲናዊ ኢንጂነር ነው፣ የራሱ ድረገጽ ላይ ነው ያስቀመጠው። ድሮ በጃቫ አፕሌት ነበር የሚሰራው፣ አሁን ዌብአሴምብሊ በሚባለው ቴክኖሎጂ ብራውዘራችሁ ውስጥ ነው የሚሮጠው፣ ይሄ ማለት ስሌቱን የሚሰራው የናንተው ስልክ ወይም ላፕቶፕ ነው እንጂ አርጀንቲና ያለ ሰርቨር አይደለም። ለኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ገጹን አንዴ ከፍታችሁ ሆም ስክሪን ላይ ካስቀመጣችሁት በኋላ ኔትወርክ ባይኖርም ይሰራል፣ ዳታ አይበላም፣ አካውንት ክፈቱ አይልም፣ የካርድ ቁጥር አይጠይቅም። ኮዱም ክፍት ነው፣ ጊትሃብ የሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረገጽ ላይ ሄዶ ማንበብ ይቻላል፣ ሲ ፕሮግራሚንግ ለምትማሩ ልጆች ትልቅ ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት እንደሚያዝ ለማየት እሱ ራሱ አንድ ኮርስ ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ቁጥሩን ትጽፋላችሁ፣ ፋክተር የሚለውን ትነካላችሁ፣ በቃ፣ ሲባዙ ቁጥሩን ወደሚሰጡት ፕራይሞች ይበትነዋል። ቁጥሩን በአሃዝ ብቻ ሳይሆን በፎርሙላም መጻፍ ይቻላል፣ 2^67−1 ወይም 100! ብላችሁ ብትጽፉ ራሱ አስልቶ ይቀጥላል። ፊቦናቺ ቁጥር፣ ቀጣዩ ፕራይም፣ ከሱ በፊት ያለው ፕራይም፣ የጋራ ትልቁ አካፋይ፣ የአሃዞች ድምር፣ ለነዚህ ሁሉ ፋንክሽን አለው።

መጀመሪያ እንድትሞክሩት የምፈልገው ይሄን ነው። ከ1 እስከ 9 ወደላይ ቆጥራችሁ ወደታች ተመለሱ፣ 12345678987654321። ፋክተር ስትሉት 3^4 × 37^2 × 333667^2 ይላችኋል፣ ሁሉም ፓወር ተጋማሽ (በእንግሊዝኛ even የምንለው) መሆኑን ሳትረሱ ተመልከቱት፣ ቁጥሩ የ111111111 ስኩዌር ስለሆነ ነው። አሁን ደሞ እስከ 10 ቆጥራችሁ ተመለሱ፣ 12345678910987654321። ባለ 20 አሃዝ ነው፣ መልኩ ከቅድሙ ጋር አንድ አይነት ነው፣ እሱ ግን ፕራይም ነው፣ ከ1ና ከራሱ ውጪ የሚያካፍለው የለም። 123456789ን ብትወስዱ ደሞ 3^2 × 3607 × 3803 ነው፣ መጨረሻው ላይ አንዲት 1 ጨምሩበትና 1234567891 ሲሆን ፕራይም ሆኖ ቁጭ ይላል። የቁጥር መልክ ስለ ውስጡ ምንም አይነግራችሁም፣ ተማሪ ይሄን በቃል ሲነገረው ሰምቶ ያልፋል፣ ራሱ ጽፎ ሲያየው ግን ሌላ ቁጥር መሞከሩን አያቆምም።

ከፋክተሩ ስር ሌሎች መስመሮች ይመጣሉ፣ ብዙ ሰው ሳያነባቸው ያልፋል ግን ዋናው ሀብት እዛ ነው ያለው። በትንሽ ቁጥር ላሳያችሁ፣ 532ን እንውሰድ። ባሕረ ሐሳብ (የቤተክርስቲያን የዘመን ቀመር) የተማረ ሰው ይሄን ቁጥር ወዲያው ያውቀዋል፣ ዐቢይ ቀመር የሚባለው የ532 አመት ዑደት ነው። ካልኩሌተሩ 2^2 × 7 × 19 ብሎ ይበትነዋል። አካፋዮቹ 12 ናቸው ይላል፣ ይሄ የሚመጣው እያንዳንዱን ፓወር አንድ እየጨመሩ በማባዛት ነው፣ 3 × 2 × 2። የአካፋዮቹ ድምር 1120 ነው። የኦይለር ቶሸንት 216 ነው፣ ማለትም ከ1 እስከ 532 ካሉት ቁጥሮች ውስጥ ከ532 ጋር ከ1 በቀር ምንም የጋራ አካፋይ የሌላቸው 216 ናቸው። ሞቢየስ (አንድ ፕራይም ከተደጋገመ 0 የሚሆን ፋንክሽን) 0 ነው ይላል፣ 2 ሁለቴ ስለገባ። ከዛ ደሞ ቁጥሩን በስኩዌሮች ድምር ያስቀምጠዋል፣ 532 በሁለት ስኩዌር አይሆንም፣ 7ም 19ም ለ4 ሲካፈሉ 3 የሚተርፋቸው ፕራይሞች ስለሆኑና አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ስለገቡ፣ በሶስት ግን ይሆናል፣ 18^2 + 12^2 + 8^2። ደምሩት፣ 324 ሲደመር 144 ሲደመር 64፣ 532።

ባሕረ ሐሳብን ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልቆይበት። የ2018ን አበቅቴ (የበዓላትን ቀን ለማውጣት የሚያገለግለውን ቁጥር) ለማውጣት 5500 ጨምረን 7518 እናገኛለን፣ ሊቃውንቱ መጀመሪያ ለ532 ያካፍሉታል፣ 14 ደርሶ 70 ይተርፋል፣ ለ76 አይደርስም፣ ለ19 ሲካፈል 3 ደርሶ 13 ይተርፋል፣ ከ13 አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው፣ 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12፣ አበቅቴው 12 ሆነ፣ መጥቅዑ ደሞ ከ30 የሚቀረው 18። አሁን 7518ን በቀጥታ ለ19 ብታካፍሉት የሚተርፈው ያው 13 ነው። ለምን ቢሉ 532 የ76 ብዜት ነው፣ 76 ደሞ የ19፣ ስለዚህ በትልቁ መግደፍ የትንሹን ቀሪ አይነካውም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሞዱላር አሪትሜቲክ ብለን የምንማረው ነገር ነው፣ አባቶቻችን በየአመቱ በዓል ሲያወጡ ይሰሩበታል። ካልኩሌተሩ ላይ ቀሪ ማውጣት ስለሚቻል አመቱን እየቀያየራችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ፣ የአብነት ትምህርት የሚማሩ ልጆችና የሂሳብ ተማሪዎች አንድ ላይ ቢሰሩት እንዴት ደስ እንደሚል።

ወደ ትልልቆቹ እንሂድ። 2^67−1 ብላችሁ ጻፉ። ሲሰላ 147573952589676412927 ነው፣ 21 አሃዝ። መርሴን የተባለው ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 (ከዚህ በኋላ ያሉት አመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይሄን ፕራይም ነው ብሎ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶት ነበር። በ1876 ሉካስ የተባለ የሂሳብ ሊቅ ፕራይም አለመሆኑን አረጋገጠ ግን በምን በምን እንደሚካፈል ማንም አላወቀም። ከዛ በ1903 ኒውዮርክ ላይ በአሜሪካ የሂሳብ ማህበር ስብሰባ ፍራንክ ኔልሰን ኮል ወደ ሰሌዳው ወጣ፣ እንደሚተረከው አንድ ቃል ሳይናገር 2ን 67 ጊዜ አባዝቶ 1 ቀነሰ፣ ቀጥሎ 193707721ን በ761838257287 አባዛ፣ ሁለቱ አንድ ሆኑ፣ ተጨበጨበለት። ስንት ጊዜ ፈጀብህ ሲሉት የሶስት አመት እሁዶች ብሎ መለሰ ይባላል። አልፐርትሮን ላይ ጣታችሁን ከማንሳታችሁ ይመጣል። ግን እባካችሁ መልሱን አይታችሁ አትለፉት፣ 193707721 ላይ 1 ቀንሱና ለ134 አካፍሉት፣ ልክ 1445580 ይደርሳል፣ ምንም አይተርፍም። 134 ማለት የ67 እጥፍ ነው። ፓወሩ ከ2 የሚበልጥ ፕራይም ሲሆን እንደዚህ አይነት ቁጥር የሚያካፍል ፕራይም ሁሉ ከፓወሩ እጥፍ ብዜት በ1 የሚበልጥ መሆን አለበት፣ ይሄ የታወቀ ህግ ነው፣ በእጅ ፋክተር የሚፈልግ ሰው ያለሱ መነሻ የለውም። ኦይለርም በ1732 ፌርማ ፕራይም ነው ያለውን 4294967297 በ641 ሲያካፍለው እንደዚሁ አይነት መንገድ ነው የሄደው፣ 641 የ64 አስር እጥፍ ሲደመር 1 ነው።

አሁን ይሄ ካልኩሌተር ከምንም በላይ ያስተማረኝ ነገር ላይ ደርሻለሁ፣ እሱም ቁጥርን ከባድ የሚያደርገው ርዝመቱ አይደለም። 100! ጻፉ፣ ከ1 እስከ 100 ያሉት ሁሉ ሲባዙ ማለት ነው። ባለ 158 አሃዝ ነው፣ ስክሪኑን ይሞላዋል፣ ግን ወዲያው 2^97 × 3^48 × 5^24 × 7^16 እያለ እስከ 97 ድረስ ዘርግፎ ይጨርሰዋል። መጨረሻው ላይ ስንት ዜሮ አለው ለሚለው የፈተና ጥያቄ መልሱ እዛው ነው ያለው፣ 5 ቁጥር 24 ጊዜ ስለገባች 24 ዜሮ። ከዛ 1 ጨምሩበትና 100!+1 በሉት። ከ100 በታች ያለ ፕራይም ሁሉ 1 ስለሚተርፈው አንዱም አያካፍለውም፣ 101 ግን ያካፍለዋል፣ ይሄ የዊልሰን ቲዮረም ነው፣ 101 ፕራይም ስለሆነ ብቻ የሚመጣ ነገር። ከዛ በላይ ያለውን ፋክተር ለማግኘት ግን ካልኩሌተሩ ስራ ይጀምራል፣ አንድ በመደመር ብቻ ቁጥሩ ፍጹም ሌላ ሆነ።

ከባድ የሚባለው ቁጥር ሁለት ትልልቅ ፕራይሞች ተባዝተው የተሰራ ነው። ለመሞከር ባለ 40 አሃዝ ሁለት ቁጥር በዘፈቀደ ጻፉና ቀጣዩን ፕራይም በሚሰጠው ፋንክሽን ፕራይም አድርጋችሁ አባዙት፣ 80 አሃዝ ገደማ ይሆናል፣ ከ100! በግማሽ ያጥራል፣ ግን ካልኩሌተሩ ቁጭ ብሎ ነው የሚሰራው፣ እንደ መሳሪያችሁ አቅም ደቂቃዎች ይፈልጋል። እዚህ ጋ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ተከታተሉ። መጀመሪያ ኤሊፕቲክ ከርቭ የሚባለውን ዘዴ ይሞክራል፣ ስንተኛው ከርቭ ላይ እንዳለ ይቆጥርላችኋል። ይሄ ሌንስትራ በ1980ዎቹ ያመጣው ዘዴ ሲሆን ፍጥነቱ የሚወሰነው ቁጥሩ ባለው ርዝመት ሳይሆን ውስጡ ያለው ፋክተር ባለው ትንሽነት ነው፣ ስለዚህ ባለ 150 አሃዝ ቁጥር ውስጥ ባለ 15 አሃዝ ፋክተር ከተደበቀ ቶሎ ይይዘዋል። ትንሽ ፋክተር ከሌለ ግን ወደ ኳድራቲክ ሲቭ ይዞራል፣ ያ ደሞ ትንሽ ትልቅ አይልም፣ የቁጥሩን አጠቃላይ ርዝመት ብቻ ነው የሚያየው። ሁለቱ ዘዴዎች የሚተካኩበትን ቦታ በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ መጽሐፍ ላይ ሶስት ምዕራፍ የሚወስደው ነገር ነው።

ኳድራቲክ ሲቭን ያመጣው ካርል ፖሜራንስ ነው፣ በ1981። እሱ ራሱ እንደጻፈው ሃይስኩል እያለ ውድድር ላይ 8051ን በትን የሚል ጥያቄ ደረሰው፣ የተሰጠው ጊዜ 5 ደቂቃ ነበር። እያካፈለ ከመሞከር ይልቅ አቋራጭ ሲፈልግ ሰዓቱ አለቀበትና ጥያቄው አመለጠው። አቋራጩ ግን ነበረ። 8051 ከ8100 በ49 ነው የሚያንሰው፣ 90^2 ሲቀነስ 7^2፣ ስለዚህ 83 × 97። ኳድራቲክ ሲቭ ስሩ ይቺው ሀሳብ ናት፣ የሁለት ስኩዌር ልዩነት በቁጥሩ እንዲካፈል ማድረግ፣ ግን በትልቅ ቁጥር ላይ እንደዚህ አይነት ጥንድ በቀጥታ ስለማይገኝ ዘዴው ብዙ ትንንሽ መረጃ ሰብስቦ አገጣጥሞ መስራት ነው። ተማሪዎቻችሁን መጀመሪያ 8051ን በእጅ አሰሯቸው፣ ከዛ ካልኩሌተሩን ክፈቱላቸው፣ የሚሮጠው ነገር ምን እንደሆነ ይገባቸዋል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ታሪክ ደሞ አርኤስኤ-129 ነው። በ1977 ሪቬስት፣ ሻሚርና ኤድልማን (አርኤስኤ የሚባለውን የሚስጥር ቁልፍ ዘዴ የሰሩት) ባለ 129 አሃዝ ቁጥር ለህዝብ አቅርበው ለፈታው 100 ዶላር ብለው ነበር፣ ያኔ ለመበተን ይፈጃል ተብሎ የተገመተው ጊዜ ከሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን አመት የሚበልጥ ነበር። በ1994 ወደ 600 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን በኢንተርኔት አስተባብረው በኳድራቲክ ሲቭ በ8 ወር ውስጥ በተኑት። ስልካችሁ ላይ ያለው የዛው ዘዴ ዘመድ ነው። በ2020 ደሞ አርኤስኤ-250 የተባለው ባለ 250 አሃዝ ተበተነ፣ በሌላ የተሻለ ዘዴ፣ 2700 የኮር አመት ገደማ ፈጅቶ፣ ማለትም አንድ የፕሮሰሰር ኮር ብቻውን ቢሰራው ያን ያህል አመት ይቀመጥ ነበር። ድረገጾች ለሚስጥር ቁልፍ በብዛት የሚጠቀሙት ባለ 2048 ቢት ቁጥር 617 አሃዝ ነው፣ እሱን ለህዝብ በሚታወቅ ዘዴ የበተነ የለም። 80 አሃዝ ላይ ካልኩሌተሩ ሲታገል አይታችሁ 617ን ስታስቡት ኢንተርኔት ላይ ብር ስትልኩ ምን እንደሚጠብቃችሁ ይገባችኋል።

ፕራይም ነው አይደለም ብሎ መለየት ግን ከመበተን በጣም ይቀላል፣ ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ካልኩሌተሩ ላይ ለዛ ብቻ የሚሆን ሌላ ቁልፍ አለ፣ መቶዎች አሃዝ ያለውን ቁጥር ምንም ፋክተር ሳይፈልግ ፕራይም ነው አይደለም ይላችኋል። መሰረቱ የፌርማ ሀሳብ ነው፣ ቁጥሩ ፕራይም ከሆነ 2ን ከቁጥሩ በአንድ ባነሰ ፓወር አባዝታችሁ ለቁጥሩ ስታካፍሉት 1 ነው የሚተርፈው (ቁጥሩ ራሱ 2 ካልሆነ)፣ 1 ካልተረፈ ፕራይም አይደለም፣ አለቀ። ወደኋላ ግን አይሰራም፣ 561 የ3፣ የ11 እና የ17 ብዜት ሆኖ ፈተናውን ያልፋል፣ ለዛ ነው የተጠናከሩ ፈተናዎች የሚያስፈልጉት። በጥቅምት 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታወቀው ትልቁ ፕራይም 2^136279841−1 ከ41 ሚሊዮን በላይ አሃዝ አለው፣ ያን አልፐርትሮን ላይ አትጻፉት፣ ለሱ ራሱን የቻለ ሶፍትዌር አለ።

ለልጆች ደሞ የሚወዱት ነገር ልንገራችሁ፣ ስልክ ቁጥራቸውን ያስገቡ። የመጀመሪያዋ 0 ስለማትቆጠር 9 አሃዝ ነው የሚቀረው፣ በ9 ይጀምር በ7 በዛ አካባቢ ካሉ ቁጥሮች ከ20 አንዱ ገደማ ፕራይም ነው። መጨረሻው 1፣ 3፣ 7 ወይም 9 ከሆነ እድሉ ከፍ ብሎ ከ8 አንዱ ገደማ ይሆናል፣ ምክንያቱም ሌሎቹ በ2 ወይም በ5 ስለሚካፈሉ ከጅምሩ ወጥተዋል። ክፍል ውስጥ 40 ተማሪ ካለ አንድ ሁለት ባለ ፕራይም ስልክ ሊገኝ ይችላል፣ ያልሆነለትም የራሱን ፋክተሮች ያውቃል።

ድረገጹ ላይ ከፋክተሩ ሌላ ያሉትንም እዩ። ባለ ሁለት ተለዋዋጭ ኳድራቲክ እኩልታ በሙሉ ቁጥር የሚፈታ አለ፣ ደረጃ በደረጃ እያሳየ፣ ለኦሎምፒያድ ልጆች ወርቅ ነው። ዲስክሪት ሎጋሪዝም የሚሰራም አለ፣ የጋውስ ሙሉ ቁጥሮችን የሚበትንም አለ፣ የኡላም ስፓይራል (ቁጥሮች በጥምዝ የሚደረደሩበት ስዕል) የሚያሳይም አለ፣ ፕራይሞቹ በሰያፍ መስመር ሲሰለፉ ማየት የሚገርም ነገር ነው።

ከሌሎቹ ጋር ላነጻጽረው። ዎልፍራም አልፋ ስለ ቁጥሩ ብዙ አይነት መረጃ ይሰጣል፣ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ በነፃው ላይ የስሌት ጊዜ ገደብ አለው፣ ደረጃ በደረጃ ማብራሪያውም በክፍያ ነው። ፋክተርዲቢ የሚባለው የተበተኑ ቁጥሮች መዝገብ ነው፣ ሌላ ሰው ቀድሞ የበተነውን ለማግኘት በጣም አሪፍ ነው፣ ኔትወርክ ግን የግድ ነው። ፓሪ ጂፒ ከፈረንሳይ ቦርዶ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነፃ ሶፍትዌር ነው፣ ከአልፐርትሮን በጣም ይሰፋል፣ ሪሰርች ለሚሰራ ሰው ምርጫዬ እሱ ነው፣ ግን ትእዛዝ እየጻፉ ነው የሚሰሩበት፣ 9ኛ ክፍል ተማሪ እጅ ላይ መጀመሪያ የምሰጠው እሱን አይደለም።

ጉድለቱን ደሞ ልናገር። ቋንቋው እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ብቻ ነው። ውጤቱን ያወጣል እንጂ ቶሸንት ምንድነው፣ ሞቢየስ ምን ይጠቅማል ብሎ እዛው አያብራራም፣ ስለዚህ ለጀማሪ አጠገቡ የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል። መልኩ ደረቅ ነው፣ ቁልፎቹ በትንሽ ስክሪን ላይ ተጠጋግተው ይበዛሉ። ትልቅ ቁጥር ሲሰጠው ፕሮሰሰሩን ሙሉ በሙሉ ስለሚጠቀም ስልክ ይሞቃል ባትሪም ይወርዳል፣ ይሄ የስራው ባህሪ ነው፣ ከ60 ከ70 አሃዝ በላይ ከሆነ ላፕቶፕ ላይ ቻርጀር ሰክታችሁ ስሩት። ወደ 95 አሃዝ ሲጠጋና ሁለቱም ፋክተሮች ትልልቅ ከሆኑ ሰዓታት ይፈልጋል፣ ከ100 አሃዝ ካለፈ ደሞ ያፉ ወይም ካዶ የሚባሉትን ኮምፒውተር ላይ የሚጫኑ ፕሮግራሞች ፈልጉ።

ከ5 ኮከብ 4.5 እሰጠዋለሁ፣ ግማሿን የቀነስኩት ለማብራሪያው ነው። ለመጫን በክሮም ገጹን ትከፍታላችሁ፣ ሶስቱን ነጥብ ነክታችሁ ሆም ስክሪን ላይ ጨምር የሚለውን ትመርጣላችሁ፣ ከዛ ኔትወርኩን አጥፍታችሁ 2^67−1ን ጽፋችሁ መስራቱን አረጋግጡ። ሴቲንጉ ውስጥ አሃዞቹ በስንት በስንት ተከፋፍለው እንደሚታዩ መቀየር ይቻላል፣ 3 አድርጉት፣ ለማንበብ ይቀላል። ማስተማሪያ ለሚያዘጋጅ መምህር ካስፈለገ ቶሸንቱንና የስኩዌሮቹን ድምር በአማርኛ ከነምሳሌው ጽፌ እዚሁ እለጥፋለሁ፣ የምትፈልጉ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።